«አሜሪካ ልትሄድ ነው»፦ «ክሎነስ ሆረር» ያየውና የሳተው

«ፓርትስ፦ ዘ ክሎነስ ሆረር» በተባለው እ.ኤ.አ. የ1979 ፊልም ውስጥ «አሜሪካ ልትሄድ ነው» የተባለ ሰው ሁሉ ሊሞት ነው ማለት ነው። ቃሉን የሚሰሙት ወጣቶች ግን ይህን አያውቁም። ፀሐይ በሞላበት ግቢ ውስጥ ይሮጣሉ፣ ብስክሌት ይነዳሉ፣ ጤናቸውን በየጊዜው ይመረመራሉ። ነፍስ ካወቁ ጀምሮ የተነገራቸው ነገር አንድ ነው፤ ሰውነትህን ጠብቅ፣ ታዘዝ፣ ጊዜህ ሲደርስ አሜሪካ ትሄዳለህ። ቀኑ ሲደርስ ሽኝት አለ። ጓደኛ ይሰበሰባል፣ ደስታው ይደምቃል፣ የቀሩት «የእኔስ ቀን መቼ ይሆን?» እያሉ ያያሉ። ከሽኝቱ በኋላ ተጓዡን አንድ ክፍል ውስጥ ያስገቡትና በመድኃኒት ያደነዝዙታል። ከዚያ በፕላስቲክ ከረጢት ከትተው በረዶ ያደርጉታል። አሜሪካ የተባለችው ያቺ ከረጢት ናት።

እነዚህ ወጣቶች ክሎን ናቸው፤ የሌላ ሰው ግልባጭ። ባለጸጎችና ፖለቲከኞች ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው ሲደክም መለዋወጫ እንዲሆኗቸው በድብቅ ያደጉ ናቸው። የፊልሙ ርእስም «ፓርትስ» ሲል ይህንኑ መለዋወጫ ማለቱ ነው። ሪቻርድ የተባለው አንዱ ግልባጭ መጠየቅ ይጀምራል፣ ያመልጣል፣ ከተማ ገብቶ የራሱን «ዋና» ያገኛል። ዋናው ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር የአንድ ሴናተር ወንድም ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ማሳደድና መገዳደል ነው።

ዳይሬክተሩ ሮበርት ፋይቭሰን ይህን ሁሉ የሠራው በ257 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ትልቁ ስቱዲዮ ኤምጂኤም ተቀራራቢ ጭብጥ ያለውን «ኮማ»ን በማይክል ክራይተን አዘጋጅነት፣ በእነ ማይክል ዳግላስ ተዋናይነት አውጥቶ ነበር። ፋይቭሰን እንዲህ ያለ አቅም አልነበረውም። ሪቻርድን ቲም ዶነሊ፣ የሚወዳትን ሌናን ፖሌት ብሪን ይጫወታሉ። ለማስታወቂያ የሚሆኑት ስሞች ከቴሌቪዥን የመጡ ናቸው፤ የ«ሚሽን፦ ኢምፖሲብል» ተከታታይ ድራማው ፒተር ግሬቭስ ሴናተሩን፣ ዲክ ሳርጀንት ደግሞ የግቢውን ሐኪም ሆነው ይተውናሉ።

ፊልሙ ድንቅ ነው ብዬ ላሳምናችሁ አልተነሳሁም። አይደለም። ግን ይህ ርካሽ ፊልም ስለ ሕክምና ምርምር አንድ ትልቅ ነገር አይቷል፤ አንድ ትልቅ ነገር ደግሞ ስቷል። ያየውም የሳተውም ዛሬ በየስልካችን ከሚዞረው የሴራ ወሬ ጋር ስለሚገናኝ ሁለቱን ለይቶ ማየት ይጠቅማል።

ካየው እንጀምር።

የገንዘብ እጥረቱ በአንድ በኩል ለፊልሙ በጅቶታል። የክሎኖቹ ግቢ ሆኖ የተቀረፀው ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚገኘው ሙርፓርክ ኮሌጅ ነው። ሣር አለ፣ ደረጃ አለ፣ ንጹሕ የሲሚንቶ ሕንፃ አለ። ሀብታም ስቱዲዮ ቢሆን ጨለማ ምድር ቤትና የሚያብለጨልጭ ማሽን ይገነባ ነበር፤ ተመልካቹም ገና ከመጀመሪያው «ይሄ ቦታ ክፉ ነው» ብሎ ይጨርስ ነበር። እዚህ ግን ቦታው ልጅህን ብትልክበት የማትጠላው ዓይነት ነው። አስተማሪዎቹ ፈገግ ይላሉ፣ ሐኪሞቹ በስምህ ይጠሩሃል። ክፋቱ ያለው ቦታው ላይ ሳይሆን በቦታው ውስጥ በሚነገረው ታሪክ ላይ ነው።

ትወናው ደርቋል የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። «ሚስትሪ ሳይንስ ቲያትር 3000» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ ደካማ ፊልሞችን እያሳየ የሚቀልደው፣ በ1997 ይህንንም ፊልም አቅርቦ እንደ ጉድ ስቆበታል። ዶነሊ ሲናደድም ሲወድም ፊቱ ያው ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ መጽሐፍ እንደ ልቡ ያላነበበ፣ የሚዋሽ ሰው እንዳለ የማያውቅ፣ በሃያ ምናምን ዓመቱ ገና እንደ ሕፃን የሚገረም ሰው እንዴት ነው መተወን ያለበት? ሪቻርድ ከውሃ ውስጥ «ሚልዋኪ» የሚል የተጻፈበት የቢራ ጣሳ ያገኛል። ምን እንደሆነ አያውቅም። ቢራ አያውቅም፣ ሚልዋኪ የከተማ ስም መሆኑን አያውቅም። ጣሳዋን አገላብጦ ሲያያት የዶነሊ ባዶ ፊት ልክ ይመጣል። በፊልሙ ሁሉ የምወደው ቦታ ይኼ ነው። አንድ ተራ ቆሻሻ የአንድን ሰው ዓለም ሲያፈርስ ታያላችሁ።

ጣሳዋ የምትነግረው ነገር ከባድ ነው። እነዚህ ልጆች «አሜሪካ ትሄዳላችሁ» እየተባሉ የሚያድጉት አሜሪካ ውስጥ ሆነው ነው። የቆሙት ካሊፎርኒያ መሬት ላይ ነው። ቃል የተገባላቸው አገር ከተራራው ማዶ አለ፤ የጣለው ጣሳም በጅረት እየተንሳፈፈ ይመጣል። ተወልደው ያደጉበትን አገር እንደ ሽልማት እንዲጠብቁት ተደርገዋል።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ሲያይ ከሌላው ተመልካች የተለየ ነገር ጆሮው ላይ ማቃጨሉ አይቀርም። ዲቪ የደረሰው ልጅ ቤት የሚደረገውን ሽኝት የማያውቅ ማን አለ? እናት ታለቅሳለች፣ ጓደኛ ይስቃል፣ ጎረቤት ይመርቃል። ፊልሙ ግን ስለ ስደት አይደለም፤ እንደዚያ ብሎ መተርጎም ሄደው ሠርተው ቤተሰብ ያቆሙትን ሁሉ መስደብ ይሆናል። እኛ የምናውቀው ሌላ ነገር ነው፤ የመሄድ ተስፋ ስንት ጥያቄ እንደሚያስቀር። በክሎነስ ግቢ አሜሪካ ከሄዱት ውስጥ ደብዳቤ የጻፈ የለም፤ ተመልሶ የመጣም የለም። ሪቻርድ እስኪነሳ ድረስ ግን ይህ ዝምታ ማንንም አያስጨንቅም። እኛ ብንሆን ምን እንል ነበር? «ተመችቶት ነዋ የረሳን!»

የፊልሙ ማስተዋል እዚህ ላይ ነው። ሰውን ለምርምርና ለቀዶ ጥገና ለማዘጋጀት ሰንሰለት አያስፈልግም፤ የሚጓጓለት ነገር መስጠት ይበቃል። ክሎኖቹ ሰውነታቸውን ለሌላ ሰው የሚጠብቁት ለራሳቸው እየመሰላቸው ነው። በየቀኑ መርማሪያቸውን የሚተባበሩት በደስታ ነው።

ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ1932 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት አላባማ ውስጥ፣ ቱስኪጊ አካባቢ፣ ወደ 600 የሚጠጉ ጥቁር ወንዶችን መዝግቦ መከታተል ጀመረ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው፤ 201ዱ ለማነጻጸሪያ የተያዙ ነበሩ። ቂጥኝ እንዳለባቸው አልተነገራቸውም፤ «መጥፎ ደም አለባችሁ፣ እናክማችኋለን» ነው የተባሉት። ትኩስ ምሳ ይሰጣቸው ነበር፤ ነፃ ምርመራ ነበራቸው። ሲሞቱ አስከሬናቸው እንዲመረመር ከተፈቀደ የቀብራቸው ወጪ ይሸፈን ነበር። ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ ለመቅዳት ሲፈለግ የተላከላቸው ደብዳቤ ልዩ ነፃ ሕክምና የሚያገኙበት የመጨረሻ ዕድል መሆኑን የሚያበስር ነበር። መርፌው ግን ምርመራ እንጂ ሕክምና አልነበረም። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን በሽታውን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም እንዲያገኙት አልተደረገም። በ1958 ለ25 ዓመት ተሳትፏቸው የምስክር ወረቀትና 25 ዶላር ተሰጣቸው። በዓመት አንድ ዶላር መሆኑ ነው።

ያንን የምስክር ወረቀት ከክሎነሱ ሽኝት አጠገብ አስቀምጡት። ሁለቱም ላይ የሚከበረው ሰው ምን እንደተደረገበት አያውቅም፤ ግን ደስ ብሎታል፣ ተመስግኗል። የቱስኪጊ ሰዎችም ቃል የተገባላቸው ነገር በሌላ አገር የሚገኝ አልነበረም። ዜጋ ሆነው በተወለዱበት አገር፣ ሌላው በሽተኛ ከሐኪም የሚያገኘው መድኃኒት ነው። ፋይቭሰን ፊልሙን ሲሠራ ቱስኪጊን ያስብ ነበር አልልም። ግን የቱስኪጊ ጉዳይ አደባባይ ከወጣ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የ1979 ተመልካችም «ሐኪሞቹ ዋሹን» የሚል ታሪክ ሲያይ ከባዶ አልነበረም የሚነሳው።

አሁን ወደ ሳተው እንሂድ።

«ክሎነስ ሆረር» እንደ ማንኛውም የሴራ ፊልም ክፋት የሚኖረው በምስጢር ነው ብሎ ያምናል። ግቢው ተደብቋል፣ ዘበኛ ይጠብቀዋል፣ እውነቱ በአንድ የቪዲዮ ካሴት ላይ ተቀርጿል። ሪቻርድ ካሴቱን ይዞ ይወጣል። ኪናን ዊን የሚጫወተው ጡረታ የወጣ ጋዜጠኛ ያገኘዋል፣ ያምነዋልም። በመጨረሻ ሪቻርድ ተይዞ ያቺው ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ሌና አእምሮዋ በቀዶ ጥገና ተነክቶ አታውቀውም። ጋዜጠኛውም ይገደላል። ካሴቱ ግን ለዜና ሰዎች ደርሷል። ሴናተሩ መግለጫ ሊሰጥ በቆመበት ስለ ክሎነስ ይጠየቃል። አዳራሹ ይናወጣል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ይሞታል፣ መረጃው ከወጣ ግን ነገሩ ያበቃል።

ይህ የዘመኑ እምነት ነበር። ከዎተርጌት በኋላ በነበሩት ዓመታት የአሜሪካ ሲኒማ ጋዜጠኛን መልአክ አድርጎት ነበር። መሠረት የለውም አይባልም፤ ቱስኪጊንም ያስቆመው የጋዜጣ ዘገባ ነው። ፒተር በክስተን የተባለ የጤና አገልግሎቱ ሠራተኛ ከ1966 ጀምሮ ለአለቆቹ ቢጽፍ ሰሚ አጥቶ ጉዳዩን ለጋዜጠኛ አሳለፈ። የአሶሺየትድ ፕሬሷ ጂን ሄለር ሐምሌ 1972 ላይ አወጣችው፤ ምርምሩ ተቋረጠ።

ነገር ግን ሄለር የገለጠችው ምስጢር አልነበረም። የቱስኪጊ ውጤቶች ከ1936 ጀምሮ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ሲታተሙ ኖረዋል። ያልታከመ ቂጥኝ በጥቁር ወንዶች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚከታተል ጥናት መሆኑ ከነርእሱ ተጽፎ ነበር። ሐኪሞች አንብበውታል። በ1969 መንግሥት ባለሙያዎችን ሰብስቦ ይቀጥል ወይስ ይቁም ብሎ አማክሯል፤ «ይቀጥል» ነው የተባለው። ቱስኪጊ ብቻም አይደለም። ሄንሪ ቢቸር የተባለው የሃርቫርድ ሐኪም በ1966 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ 22 ኢ-ሥነ ምግባራዊ ምርምሮችን ሲዘረዝር ከማንም መሳቢያ አልሰረቀም፤ በሕክምና መጽሔቶች ላይ የወጡትን ነው ያነበበው።

እንግዲህ የፊልሙ ትልቁ ስሕተት ይህ ይመስለኛል። ለተጠቂው የሚነገረውን ውሸት በትክክል አይቷል፤ ዓለም ግን እንደማያውቅ አድርጎ ነው የሳለው። እውነተኛው ታሪክ ከዚህ የከፋ ነው። የማያውቁት የተጠኑት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሌላው አንብቦ፣ ገጹን ገልጦ፣ አልፏል። ለዚህ ዓይነቱ ክፋት ዘበኛና ተራራ አያስፈልገውም። ፊልሙ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሥልጣን ጥመኛ ሴናተርና በጥቂት ቀዝቃዛ ሐኪሞች ላይ ሲጭን ተመልካቹን ነፃ ያወጣዋል፤ «እኔ ባውቅ ኖሮ ዝም አልልም ነበር» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያወቁትስ ዝም ብለው የለ?

የሚገርመው፣ ፊልሙ በወጣበት በዚያው ዓመት በ1979 የቤልሞንት ሪፖርት የተባለው ሰነድ በአሜሪካ መንግሥት ጋዜጣ ላይ ታተመ። በቱስኪጊ ቁጣ ሳቢያ በ1974 በወጣው ሕግ የተቋቋመ ኮሚሽን ያዘጋጀው ነው። ሦስት መርሆዎችን አስቀመጠ፤ ሰውን ማክበር፣ በጎ ማድረግ፣ ፍትሕ። ከሰው ላይ ምርምር ከመደረጉ በፊት ሰውየው ገብቶት መፍቀድ አለበት፤ የምርምሩ ሸክም በድሃው ላይ፣ ጥቅሙ በሀብታሙ ላይ መውደቅ የለበትም። ሦስተኛውን መርህ ከክሎነስ ግቢ ጋር አያይዛችሁ አንብቡት። ኮሚሽኑ በደረቅ የቢሮ ቋንቋ፣ ፋይቭሰን በርካሽ ካሜራ፣ አንድ ጥያቄ ነው የጠየቁት፤ የማን ሰውነት ለማን?

ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ማይክል ቤይ «ዘ አይላንድ»ን ይዞ መጣ። ለመለዋወጫ የሚያድጉ ክሎኖች፣ የተዘጋ ግቢ፣ የሚጠይቅ ጀግና፣ ማምለጥ፣ ከዋናው ጋር መገናኘት። የ«ክሎነስ» ባለቤቶች «ሥራችንን ቀዱብን» ብለው ድሪምወርክስን ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ዳኛው በ2006 ክሱ ይዘጋ የሚለውን ጥያቄ ውድቅ ሲያደርጉ ጉዳዩ በስምምነት ተቋጨ። ስለ ግልባጭ ሰዎች የተሠራ ፊልም እሱ ራሱ በግልባጭ ጉዳይ ፍርድ ቤት መቆሙ የሚያስቅ ነው።

ለእኔ ግን ከክሱ ይልቅ ልዩነቱ ይበልጣል። የቤይ ፊልም ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል፤ ሄሊኮፕተሩ፣ ፍንዳታው፣ ነጭ ልብሱ ሁሉ ተሟልቷል። እዚያ ክሎኖቹ ወደ «ደሴቲቱ» የሚሄዱት በሎተሪ ነው። ሎተሪ! ለዲቪ ሕዝብ ከዚህ የቀረበ ምን አለ? ግን እንደ «ክሎነስ» አይነካም። ምክንያቱ ይመስለኛል፣ በ«ዘ አይላንድ» ውስጥ ክሎኖቹን የያዛቸው ፍርሃት ነው፤ የውጭው ዓለም ተበክሏል፣ ብትወጡ ትሞታላችሁ ተብለዋል። የፈራ ሰው ባይጠይቅ አያስደንቅም። በ«ክሎነስ» ግን ተስፋው ብቻውን ሥራውን ይሠራል። ደግሞም ደሴቲቱ የትም የሌለች ተረት ናት፤ አሜሪካ ግን አለች፣ ከእግራቸው ሥር።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ለምን ይጠቅመናል? ስለ ሕክምና የሴራ ወሬ በእኛም ዘንድ ገበያው ደርቷል። ኮቪድ መጥቶ ክትባቱ ሲከተል በቴሌግራም ምን ያልተባለ ነገር አለ? ቺፕ ነው ተባለ፣ ማምከኛ ነው ተባለ። እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያምን ሰው ላይ መሳቅ ቀላል ነው። ቱስኪጊን የሚያውቅ ሰው ግን ጥርጣሬው ራሱ እብደት አለመሆኑን ያውቃል፤ እብደቱ የሚጠረጠረው ቦታ ላይ ነው። «ክሎነስ» እና መሰሎቹ የተደበቀ ቤተ ሙከራ እንድንፈልግ ያስተምሩናል። ቱስኪጊ የሚያስተምረው ግን ፊት ለፊታችን የተቀመጠውን ወረቀት እንድናነብ ነው። ምን ልታደርጉብኝ ነው? ከምን ያድነኛል? እምቢ ብል ሕክምናዬ ይቀርብኛል? መድኃኒቱ ሲገኝ ለእኔ ይደርሰኛል? እነዚህ ጥያቄዎች አሰልቺ ናቸው፤ ፊልም አይወጣቸውም። ሰው የሚያድኑት ግን እነሱ ናቸው።

ፊልም ባይወጣቸውም ምሳሌ አላቸው፤ ከእኛው አገር። ወላይታ ውስጥ ባዶ እግራቸውን ቀይ አፈር ላይ የሚሠሩ ገበሬዎችን የሚይዘው የዝሆኔ በሽታ በዘር ይተላለፍ እንደሆነ ለማጥናት ሲታሰብ፣ ተመራማሪዎቹ ደም ከመቅዳታቸው በፊት ሌላ ጥናት አደረጉ፤ ለዚህ ሕዝብ ምርምሩን እንዴት ብናስረዳ ነው የሚገባው፣ ፈቃዱንስ እንዴት ብንጠይቅ ነው የሚሻለው የሚል። ውጤቱን በ2009 አሳተሙ። አንዱ የተገኘው ስጋት መገለል ነበር፤ «በዘር ነው» የሚል ቃል በአግባቡ ካልተነገረ ቀድሞም የተገለለውን ቤተሰብ ይብስ ሊያገልለው ይችላል። የዘር ጥናቱ ከዚያ ቀጠለ። እዚህ ውስጥ ካሴት የለም፣ አሳዳጅ የለም። አንድ ሰው ደምህን ከመውሰዱ በፊት «እንዴት ብነግርህ ይገባሃል?» ብሎ መጠየቁ ብቻ ነው ያለው። በክሎነስ ግቢ ይህን ጥያቄ የጠየቀ አንድም ሐኪም አልነበረም።

ፊልሙን እዩት ብዬ ነው የምመክረው። ሁለተኛው አጋማሽ ይንዛዛል፤ ድብድቡ ያስቃል፤ ሙዚቃው በየቦታው ይጮኻል። ሴናተሩ በጋዜጠኞች ተከቦ ሲርበተበት እንደ ድል አትቁጠሩት፤ የፊልሙን ምኞት እንጂ የዓለምን ልማድ አያሳይም። ከእሱ ይልቅ መጀመሪያ ላይ ያለውን ሽኝት ልብ ብላችሁ እዩ። ከሚሄደው ይልቅ ከሚሸኙት ፊት ላይ አትኩሩ። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል፣ ትንሽም ቀንተዋል። ስለ ጉዞው አንድ ጥያቄ የሚጠይቅ ግን የለም።